እናቴ ንግግሯን የጨረሰችበት ክሊኒክ

ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ ሐዋሳ ውስጥ ጎረቤቶቼ ልጅ ሲያተኩሳቸው ወይም ሽማግሌ ሲያዞረው «የት እንውሰደው?» ብለው መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእኔን በር ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ አፌን ሞልቼ «እዚያ ሂዱ» የምለው ቦታ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ከታቦር ተራራ በታች፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ሁለት ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ሦስት ነርሶችና አንዲት የካርድ ሠራተኛ ያሉት ትንሽ የግል ክሊኒክ ነው። እናቴን የምታክማት ሐኪም ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች የእሷንም የክሊኒኩንም ስም አልጠራም። ያየሁትን ግን አንድ በአንድ እጽፋለሁ፤ ሌላ ቦታ የሚታከም ሰውም ከሐኪሙ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቅበታል።

እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ይርጋለም አሳልፋ አሁን ከእኔ ጋር ትኖራለች። የደም ግፊት አለባት። ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ ደረቅ ሳል ያዛት። አክታ የለውም፣ ትኩሳት የለውም፤ ሌሊት ጋደም ስትል ይነሳና እስኪነጋ አያስተኛትም። መጀመሪያ ብርድ ነው ብለን ዝንጅብል በማር አፈላንላት። ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ቦታ አራት ጊዜ ሄድን፤ በሄድን ቁጥር የሚያያት ሐኪም ሌላ ነበር። አንዱ አንቲባዮቲክ አዘዘ። ሌላው ሽሮፕ ጨመረበት። ሦስተኛው ራጅ አስነሳት፤ ንጹሕ ነው ተባለ። አራተኛው የቲቢ ምርመራ አዘዘላት፤ እሱም ነጻ ሆነ። አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እያንዳንዳቸው ግን እናቴን እንደ አዲስ ሰው ነበር የሚጀምሯት፤ ያለፈው ሐኪም የሠራውን የሚያውቁት እኔ ስነግራቸው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሁሉንም አላስታውስም ነበር።

ወደዚህኛው ክሊኒክ የሄድኩት አንዲት የዕድር ጓደኛዬ «ሐኪሟ ትሰማለች» ስላለችኝ ነው። ሌላ ምንም አላለችኝም።

ሰው ክሊኒክ ሲገባ ወለሉን ወይም ማሽኑን ያያል፤ እኔ የማየው ካርድ ክፍሉን ነው። ካርዱ ከተበላሸ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በግምት የሚሠራ መሆኑን አውቃለሁ። በሥራ ዘመኔ ተራው ሲበዛና ካርዱ ሲጠፋ ለነባር ታካሚ አዲስ ካርድ ጽፌ አውቃለሁ። ያን ባደረግኩ ቁጥር የዚያ ሰው የዓመታት ታሪክ መደርደሪያ ላይ ተቀብሮ ይቀራል፤ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ባዶ ወረቀት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። እዚህ ያለችው ልጅ የእናቴን ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ቀበሌዋን፣ የትውልድ ዓመቷን፣ የእኔንም ስልክ መዘገበች። ከዚያ የካርዱን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠችና «አሁን የሚወስዷቸው መድኃኒቶች» የሚል ሠንጠረዥ አሳየችኝ። «ይህን ሐኪሟ ትሞላዋለች። ማንም ሐኪም ቢያያቸው መጀመሪያ የሚያነበው ይህን ገጽ ነው» አለችኝ። ሰላሳ ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ልቤ ሞላ።

ካርድ 250 ብር ከፍለን ሃምሳ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ተራ እየጠበቅን ሳለ አንዲት ነርስ ከገጠር የመጡ አንዲት ሴትዮ ጋር በሲዳምኛ ታወራ ነበር፤ ሴትዮዋ አማርኛ አይችሉም። ነርሷ አብራቸው ገብታ ለሐኪሙ ስታስረዳላቸው አየሁ። በዚህ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሕመሙን በራሱ ቋንቋ ያልተናገረ ሰው ግማሹን ይዞት ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው።

ገባን። ሐኪሟ ከመቀመጫዋ ተነስታ እናቴን ደግፋ አስቀመጠቻት፤ «እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ምን ሆነው መጡ?» አለቻት። ብዕሯን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እጆቿን አጣጠፈች።

እናቴ ታሪክ የምትጀምረው ከሥሩ ነው። ከልጅ ልጇ ክርስትና ጀመረች። የዚያን ቀን ዝናቡ እንዴት እንደነበረ፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ። እኔ እጇን ነካ አድርጌ «እማዬ፣ ስለ ሳሉ ንገሪያት» ልላት ስል ሐኪሟ በዓይኗ አስቆመችኝ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበረ፤ አየሁት። እናቴ አራት ደቂቃ ከሚያህል ጊዜ በላይ ተናገረች። መጨረሻ ላይ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ጨርሻለሁ በሚል ድምፅ እንዲህ አለች፦ «የክርስትናው ሳምንት ነው ያቺ የግፊት ክኒኔ የተለወጠችልኝ። ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ ሳሉም የያዘኝ።»

ስምንት ወር ሙሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም አልሰማውም። እኔ ልጇም አልሰማሁትም። ሳይጠይቋት ቀርተው አይደለም፤ እስክትደርስበት የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ነው።

ልጄ ነርሶችን ታስተምራለች። ማታ ይህን ስነግራት አንድ የቆየ ጥናት አወጣችና እየተረጎመች አነበበችልኝ። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በድምፅ የተቀዱ 74 የሐኪምና የታካሚ ንግግሮችን አዳምጠው ነበር። ታካሚው የመጣበትን ጉዳይ መናገር ከጀመረ በኋላ ሐኪሙ የሚያቋርጠው በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ከ74ቱ ታካሚው የጀመረውን የጨረሰው በ17ቱ ላይ ብቻ ነው። የእናቴ መልስ ያለው አምስተኛው ደቂቃ ጠርዝ ላይ ነበር። በ18 ሰከንድ ቢያቋርጧት ኖሮ ገና የክርስትናው ድንኳን እየተተከለ ነበር።

ሐኪሟ «መድኃኒቶቹን ይዘዋቸዋል?» አለች። ስልክ ደውለን ስንመዘገብ «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ» ተብለን ስለነበር ይዘናል። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችውና አንድ በአንድ መደርደር ጀመረች። ኤናላፕሪል። ግማሹ የቀረ የሳል ሽሮፕ። ተጀምሮ የተተወ አሞክሲሲሊን። ከሥር ደግሞ እኔ የማላውቀው አንድ ስትሪፕ ወጣ፤ ዳይክሎፌናክ። እናቴ ለጉልበቷ ብላ ከሰፈር ፋርማሲ በልጅ ልጇ የምታስገዛው ነው። ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ጉልበትዎን ሲያምዎት በቀን ስንት ይወስዳሉ?» ብላ ጠየቀች፤ እናቴ መለሰች፤ ሐኪሟ ጻፈችው።

ከዚያ ሁለቱን ለይታ ከፊታችን አስቀመጠች። ኤናላፕሪል ጥሩ የግፊት መድኃኒት ነው አለች፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ከመቶ ሰው ከአምስት እስከ ሃያ በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ ሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። አንቲባዮቲክም ሽሮፕም አይነካውም። መድኃኒቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ደግሞ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ስለዚህ እናቴ በአንድ እጇ ግፊቷን እያወረደች በሌላው እጇ እያወጣችው ነበር ማለት ነው። ኤናላፕሪሉን በአምሎዲፒን ለወጠችላት፤ ለጉልበቷ ፓራሲታሞል አዘዘችና ከነርሷ ጋር የእግር እንቅስቃሴ እንድትለማመድ አደረገች። አዲስ ምርመራ አላዘዘችም። የቀድሞውን ራጅና የቲቢውን ውጤት ከእኛ ወስዳ አንብባ ካርዱ ላይ ጻፈችው።

በሕይወቴ ያላየሁት ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «እማማ፣ እኔ በደንብ መናገሬን ማወቅ ፈልጌ ነው፤ ቤት ሲገቡ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ እስቲ ይንገሩኝ» አለቻት። «ገብቶዎታል?» ብትላት እናቴ «አዎ ልጄ» ብላ ትወጣ ነበር፤ የኖረችበት ጨዋነት ነው፤ ሐኪም ፊት «አልገባኝም» አትልም። ስትናገር ግን አሮጌውንም አዲሱንም አብራ ልትወስድ እንደነበር ተገለጠ። ሐኪሟ አስተካከለቻት፤ እናቴ እንደገና ነገረቻት፤ በሁለተኛው ልክ ሆነ። እግሯ ቁርጭምጭሚት ላይ ካበጠ አምሎዲፒኑ ሊሆን እንደሚችልና በራሷ ሳታቆም ደውላ እንድትናገርም አስረዳቻት። ይህን የመልሶ መጠየቅ ዘዴ ልጄ ተማሪዎቿን ታስተምረዋለች። ኬሰልስ የተባለ የኔዘርላንድስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐኪም ከሚናገረው ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ወዲያውኑ እንደሚረሳ፣ ከተያዘውም ግማሽ ያህሉ የተዛባ እንደሆነ ጠቅሷል። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሜ «ምን ነበር ያሉኝ?» እያሉ ወደ እኔ የሚመለሱትን ሰዎች አስታወስኩ። እኔ ሐኪም አይደለሁምና መልስ አልነበረኝም።

ስለ ግፊት አለካኩም ልናገር። ቀድሞ የሄድንበት ቦታ ደረጃ ወጥታ እያለከለከች፣ በኮሪደር ላይ ቆማ፣ ክንዷ ተንጠልጥሎ፣ ከነርሱ ጋር እያወራች ለክተዋት 168 በ94 ተጽፎ ነበር። እዚህ ነርሷ ጸጥ ያለች ክፍል አስገባቻት፤ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ እግሮቿን መሬት አስረግጣ፣ የሹራቧን እጅጌ አስወልቃ፣ ክንዷን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ አምስት ደቂቃ አስቀመጠቻት። እኔ ላወራ ስል «አሁን አናወራም» አለችኝ በትሕትና። ሁለት ጊዜ ለካች። 150 በ86። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ ልኬቶች በተለያየ ቀን የተወሰዱ ናቸው፤ ግፊትም ይለዋወጣል። ቢሆንም አቀማመጥ ቁጥር ይቀይራል። አሜሪካ ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት 133 ሰዎችን ለክቶ፣ ክንድ ጭን ላይ ሲያርፍ የላይኛው ቁጥር በ4 ያህል፣ ወደ ጎን ሲንጠለጠል ደግሞ በ6.5 ከፍ ብሎ እንደሚነበብ አሳይቷል። በዚያ ቁጥር ተነስቶ መድኃኒት የሚጨመርበት ሰው አለ። ጠረጴዛና አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የጎደለው።

ሳሉ በሁለተኛው ሳምንት ቀለል አለ። በአራተኛው ሳምንት እናቴ ቅዱስ ገብርኤል ሄዳ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትስል ቆመች። ወጥታ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ስትቀመጥ ፊቷን ብታዩት።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ሄደናል፤ አምስቱን ጊዜ ያየቻት ያቺው ሐኪም ናት። አንድ ጊዜ ብቻ ለሥልጠና ሄዳ ሌላው ሐኪም ተቀበለን፤ ካርዱን ገልጦ «ኤናላፕሪል ያስላቸዋል ተብሎ በቀይ ተጽፏል» ሲል ሰማሁት። መጀመሪያ አንድ ሰው ያውቅሃል፤ እሱ ባይኖር ካርዱ ያውቅሃል። ካርድ ክፍል የምሠራው ለዚህ ነበር፤ በሥራ ላይ ሳለሁ ግን እንዲህ ሆኖ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። አንድን ሐኪም ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት የምቾት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የኖርዌይን ጥናት ይስማ። እዚያ ነዋሪው ሁሉ ቋሚ የቤተሰብ ሐኪም የማግኘት መብት አለው። ተመራማሪዎች ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ ተመልክተው፣ ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩትን አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር አነጻጸሩ። የቆዩት ለድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል የመግባታቸው ነገር በ28 በመቶ፣ የመሞታቸው ነገር ደግሞ በ25 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ጥናት አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ልጄም ይህን ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ግን የስምንት ወር ሳል አይቻለሁ።

ሐኪሟ አንድ ጊዜ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ መማር እንደምትፈልግ ነግራናለች፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሠለጥናል። ትሂድ፣ ትማር፤ ደግሞ ትመለስልን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የረሳሁትን ማዘዣ ልወስድ ብሄድ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ሐኪሟ፣ ሁለት ነርሶችና የካርድ ልጅቷ ጠረጴዛ ከበው ካርድ ይገልጣሉ። ምን እያደረጋችሁ ነው አልኳቸው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ዓይናቸውን ጨፍነው አሥር የግፊትና የስኳር ታካሚ ካርድ ያወጣሉ። ግፊቱ ባለፈው ቀጠሮ ተለክቷል? መድኃኒቱ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል? ቀጠሮ የቀረ ሰው ካለ ተደውሎለታል? ያልሆነውን በደብተር ይጽፉና አንድ ነገር መርጠው በሚቀጥለው ሳምንት ይቀይሩታል። ግፊት መለኪያው ከኮሪደር ወደ ክፍል የገባው በዚህ መንገድ ነው። ኦዲት ነው፤ ግን ማንም አላዘዛቸውም፤ ሪፖርት የሚልኩለትም አለቃ የለም። ቁጭ ብዬ ሦስት ካርድ አብሬ አየሁ። እጄ ሥራውን አልረሳውም።

ይህን ስሰማ ልጄ የነገረችኝ ጁሊያን ቱዶር ሃርት የተባለ ሐኪም ትዝ አለኝ። ዌልስ ውስጥ ግሊንኮሩግ በምትባል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሠርቷል። ሕመምተኛ እስኪመጣለት አልጠበቀም፤ መዝገቡን ይዞ የመንደሩን ሰው ሁሉ ግፊት ለካ፤ የቀረውን እየፈለገ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት መንደሯን ከጎረቤቷ ጋር ሲያነጻጽር ከ65 ዓመት በታች የሚሞተው ሰው በእሷ ያነሰ ነበር። ብርቅ ማሽን አልነበረውም። መዝገብ፣ የግፊት መለኪያና ትዕግሥት ነበረው።

ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው ሌላ ነገር ደግሞ የዚህን ክሊኒክ ዋና ጉድለት እንድናገር ያስገድደኛል። ጥሩ ሕክምና የሚገኘው ከአስፈላጊነቱ በተገላቢጦሽ ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ያነሰ ያገኛል ብሎ ነበር። 250 ብር ለካርድ፣ ላቦራቶሪው ለብቻ፣ መድኃኒቱ ለብቻ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር እዚህ አይሠራም። አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብስ ጎረቤቴ ግፊቷ ከእናቴ ይብሳል፤ ሁለተኛውን ቀጠሮ መክፈል ስላልቻለች ቀርታለች። ደውለውላታል፤ መጥታ ግፊቷን ብቻ በነጻ እንድትለካ ነግረዋታል። መድኃኒቱን ግን ማን ይገዛላት? የሚያስፈልጋት እዚያ ያየሁት አሠራር ነው፤ ያ አሠራር በመድን ደብተሯ ልትሄድበት በምትችለው ጤና ጣቢያ መገኘት አለበት። ጤና ጣቢያ ያለው ሐኪም ግን በአንድ ጠዋት ስንት ሰው እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ካርዱን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። በ67 አገሮች የታዩ ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ፣ የምርመራው ርዝመት ከባንግላዴሽ 48 ሰከንድ እስከ ስዊድን 22 ደቂቃ ተኩል ይደርሳል ብሏል፤ ግማሽ ያህሉን የዓለም ሕዝብ በያዙ አገሮችም ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በአምስት ደቂቃ እናቴ ስለ ክኒኗ መናገር የምትደርሰው ለጥቂት ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹን ብቻ መውቀስ አይቻለኝም፤ ተራው ራሱ ይቆርጣቸዋል። ነገር ግን ካርዱን አንድ ማድረግ፣ የመጀመሪያውን ገጽ መሙላት፣ ክንድን ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፣ «እስቲ ይንገሩኝ» ማለት፤ እነዚህ ብዙ ብር አይጠይቁም።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። ላቦራቶሪው ፎቅ ላይ ነው፤ አሥራ አራት ደረጃ ነው፣ መደገፊያ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደም ለመስጠት ያንን መውጣት የለበትም፤ ነርሶቹ ወደ ታች ወርደው ይቅዱ ብዬ አስተያየት መስጫው ደብተር ላይ ጽፌያለሁ፤ እስካሁን አልተለወጠም። የራሳቸው ፋርማሲ የላቸውም። ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጠብቀናል። ስልካቸው ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ አይነሳም። እሑድ ዝግ ነው።

የምትሄዱ ከሆነ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ለራስ ምታት የተገዛውንም፣ ከጎረቤት የተለመነውንም በፌስታል ያዙ። የቀድሞ ራጅና የላቦራቶሪ ወረቀት ካለ አትጣሉት። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ፣ ንግግሩ ከክርስትና ድግስ ቢጀምርም፣ እጁን ነካ አድርጋችሁ አታስቁሙት። የእናቴ ቀጠሮ ጥቅምት ላይ ነው፤ ለሐኪሟ የምትነግራትን ከአሁኑ እያዘጋጀች ነው።